ለአንድ ዓይን ሁለት ደብዳቤ

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ መዝጊያ የሌለው ቤት ነው፤ አንቺ ዘንድ ነገር አይቀመጥም» አለኝ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ በላይነህ፣ ማኅተሙን በትንፋሹ እያሞቀ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

አልተቀየምኩም። ቢቸና ውስጥ ይህን ያላለኝ ሰው ካለ ገና ያልተዋወቅን ነን። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ያልመጣልኝ፣ ለመምህራን ማሠልጠኛ አመልክቼ መልስ የምጠብቅ፣ እስከዚያው መሠረተ ትምህርት የማስተምር የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም። ሰው ነገር ሲያዞር ደግሞ ትዕግሥት የለኝም፤ ቀጥ አድርጌ እናገርለታለሁ። ሠርግ ቤት ተቀምጬ ሙሽራዋ ልጁን እንደማትወደው የተናገርኩ እኔ ነኝ። ትዳሩ በሦስተኛው ወር ፈረሰ፤ ያመሰገነኝ ግን የለም።

ወደ ጓድ በላይነህ ቢሮ የሄድኩት በአክስቴ ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እኔ እቴቴ እላቸዋለሁ። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከጨለመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ብርሃኑ የማን፣ ጥላውም የማን እንደሆነ ግን አይነግራቸውም። እንዲያም ሆኖ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዬ ነበሩ። ማየት የተሳነው ሰው ይቅር የሚል መመሪያ ስላልመጣ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ሰሌዳውን ሳያዩ «ሀ» ስል «ሀ» ይላሉ። በመጨረሻም ከመሃይምነት ነጻ የወጡበት የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። በየት በኩል እንደተያዘ አላወቁትም፤ እኔ አቃናሁላቸው።

ከወለዷቸው አምስት ልጆች የተረፈው ጌትነት ብቻ ነው። እሱም በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዷል። የላካቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ካለፈው ጥምቀት ወዲህ ግን አንድም አልመጣም።

«ወረቀት አጥቶ ነው» ይሉ ነበር እቴቴ። «እዚያ በረሃ ወረቀት ከየት ያመጣል?»

ዓይናቸውን የፈለጉት ለእሱ ነው። «ልጄ ሲመጣ በድምፁ ሳይሆን በመልኩ ልወቀው» ይላሉ። ሌላ የሚያዩት ነገር እንዳላማራቸው በግልጽ ይናገራሉ፤ እኔንም ጨምሮ።

በዚህ መሃል ሞጣ ከሚገኝ ሕክምና ቤት ወሬ መጣ። የዓይን ሐኪም ከሩቅ መጥቶ ለሁለት ሳምንት ሞራ እየገፈፈ ነው አሉ። መክፈል የሚችል ይከፍላል፤ የማይችል ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። እቴቴ ለመክፈል ላማቸውን መሸጥ ነበረባቸው። ላሟ ደግሞ ክረምት ላይ ገደል ገብታለች።

ያን ጊዜ አንድ አረጋዊ ሳይከፍል የሚታከምበት በር ሦስት ነበር። ይህን ለማወቅ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቢሮ የሚያውቀው የሌላውን ቢሮ በር ብቻ ነው። የመጀመሪያው በር ጡረታ ነው። የእቴቴ ባል የመንገድ ሥራ ዘበኛ ስለነበሩ ወደዚያው ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ ለጡረታ የሚያበቃውን ዘመን ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው እንደሞቱ አገኘ። «ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። ሁለተኛው በር የዘማች ቤተሰብ መሆን ነው፤ ልጁ ግንባር ያለ ወላጅ በነጻ ይታከማል። ሦስተኛው ጧሪ የሌለው ደሃ መሆን ነው።

የእኛ በር ሁለተኛው ነው ብዬ ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

«የዘማች ቤተሰብ ናቸው ብለው ይጻፉልኝ» አልኩት ጓድ በላይነህን።

ብዕሩን አስቀመጠ። ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰው ሲያናግረው ዛሬም ትከሻ የሚለካ ይመስላል።

«የዘማች ደብዳቤ ጊዜ ይፈልጋል። በአውራጃ በኩል ይጣራል። ሐኪሙ መቼ ነው የሚሄድ?»

«በሚመጣው ሳምንት።»

«እንግዲያው በሦስተኛው ልጻፍልሽ። ጧሪ የሌላቸው ብዬ።»

«ጧሪማ አላቸው። ጌትነት አለ እኮ።»

«ጌትነት አሁን እቤት ነው?»

«አይደለም።»

«ይጦራቸዋል?»

«ከምሽግ ውስጥ ሆኖ ምን ይጦራል?»

«እንግዲህ ይኸው» ብሎ መጻፍ ጀመረ። «ጧሪ» ብሎ ሲጨርስ «ቀባሪ» ጨመረበት፤ የቀበሌ ልማድ ነው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይጻፍም። እኔም «ልጅ ያላቸውን ሴትዮ ቀባሪ የላቸውም ማለት ደግ ነው?» ብዬ ስቀጥል ነው አፌ መዝጊያ እንደሌለው የነገረኝ። ማኅተሙን መታ። የይለፍ ወረቀትም ጨመረልኝ፤ ያኔ ካውራጃ አውራጃ ያለ ይለፍ ኬላ አይታለፍም። ሁለቱን ወረቀቶች አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ።

እቴቴ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«ጻፈልሽ?»

«ጻፈልኝ።»

«ምን ይላል?»

«ይታከሙ ይላል።»

«እግዚአብሔር ይስጠው» አሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አሳጥሬ ተናገርኩ።

በማግስቱ እህል የጫነ ኤንትሬ አገኘን። እቴቴን ጋቢና ከሾፌሩ ጎን አስገብቼ እኔ ጆንያ ላይ ወጣሁ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ መኪናው ይሄዳል ከሚባል ይታገላል ቢባል ይቀላል። ጉንደ ወይን ስንደርስ ሾፌሩ ወርዶ ጎማ ሲያይ እቴቴ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«አንቺ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ዝም ስትዪ ወድቀሽ ነው ብዬ።»

ሞጣ ስንገባ ሕክምናው ተዘግቷል። ከሩቅ ለመጣ ሰው ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ እዚያው አደርን። ገና ጎህ ሲቀድ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተሰለፈ። የታከሙት ደግሞ በአንድ ዓይናቸው ላይ ነጭ ፋሻ አድርገው ከወዲያ ማዶ ፀሐይዋን ይጠብቃሉ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ኮቱ ላይ ጋቢ የደረበ፣ ሽበቱ ያማረ ሽማግሌ ነው። እያንዳንዱን ደብዳቤ ለባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ባለቤቱም ሰምቶ «ልክ ነው» ማለት አለበት፤ በሰው ደብዳቤ የሚታከም ስለበዛ ነው አሉ። ሰውዬው ድሮ ዲያቆን ሳይሆን አይቀርም፤ ሲያነብ ቆሞ ነው፣ ባርኔጣውንም ያወልቃል።

ተራችን ሲደርስ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ ዓለሙ የተባሉት የቀበሌያችን ነዋሪ፣ ምንም ገቢ የሌላቸው፣ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው መሆናቸውን እያረጋገጥን…»

«ድገመው» አሉ እቴቴ።

ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጠራ ብሎ ነው የተነበበ።

«ማኅተም አለው?»

«አለው እማማ።»

«የቀበሌያችን?»

«የቀበሌያችሁ። ልክ ነው?»

እቴቴ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። አጥፈው አዘቅዝቀው ለበሱት። ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡና በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መቱ።

«ጌትነቴ!»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ እንዲሁ ዘው ብሎ አይነገርም። ይደበቃል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ከዚያ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል። እቴቴ ደግሞ ያላቸው ነገር ጆሮ ብቻ ነው። በማለዳ ከቤታቸው ርቀው መጡ። ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌ ቆመ። ቀባሪ የለዎትም አላቸው። ማኅተም አለው። መርዶ ሌላ ምን ይጎድለዋል?

«እቴቴ፣ መርዶ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? መርዶ ሲነገር ከዘመድ አንዱ «አይደለም» ብሎ መጮኹም የወግ ነው።

ሰልፉ ፈረሰ። ሴቶቹ ሁሉ መጥተው ከበቧቸው። ከየጁቤ የመጣች አንዲት ሴትዮ፣ በአገሯ የታወቀች አልቃሽ ናት መሰለኝ፣ ወገቧን አሰረችና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ሟቹ ማን ይባላል?»

«አልሞተም።»

«እሺ፣ ስሙ?»

«ጌትነት።»

«የፈረሱ ስም?»

«ፈረስ የለውም። በኤንትሬ ነው የሄደ።»

ትንሽ አሰበችና በኤንትሬው ገጠመችለት። ጥሩ ግጥም ነበር፤ እኔ ራሴ ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረውም። የማዶዎቹ በፋሻ የታሰሩት ሰሙ፤ ከመሃላቸው ልጅ ያላዘመተ ስላልነበረ እነሱም ጀመሩ። ድሬሰሩ ነጭ ጋዋኑን እያውለበለበ ሮጦ ወጣ።

«እንባ ክልክል ነው! የታከመ ሰው እንዳያለቅስ! ዓይናችሁ ይፈሳል! እናንተ ሰዎች፣ በእግዚአብሔር!»

አንድ ፋሻ ያሰሩ ሽማግሌ «እኔ በዳነው አይደለም የማለቅስ፣ ባልታከመው ነው» አሉት።

እቴቴ እግር ላይ ወድቄ ጆሯቸውን ያዝኩ። «እቴቴ፣ ይስሙኝ። ጌትነት ሞተ ያለ ሰው የለም። ደብዳቤው የነጻ ሕክምና ነው። በሩ ሦስት ነው፤ በሦስተኛው እንግባ ብለን ነው። እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።»

ለቅሶውን ቆረጡት። እንደዚያ በአንዴ ሲቆም አይቼ አላውቅም። አልቃሿ ስንኟ መሃል ላይ ቀረች።

«አንቺ ነሽ ያስጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄ በሕይወት እያለ?»

«አዎ።»

«ልጄን ቀብረሽ ዓይን ልትገዢልኝ?»

ጆሯቸውን ለቀቅኩ።

«አንሺኝ» አሉ። አነሳኋቸው። ፊታቸውን ወደ ሽማግሌው ድምፅ አዙረው «ጌታዬ፣ ያነበብኸው ልክ አይደለም። ልጅ አለኝ። ጌትነት ይባላል። በዚህ ወረቀት አልታከምም» አሉት።

ሽማግሌው ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «ያቺስ ያመጣችዎ ልጅ ምንዎ ናት?»

«የወንድሜ ልጅ ነበረች» አሉ።

ሐኪሙ ራሱ መጣ። ገና ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። የእቴቴን ዓይን ገልጦ በባትሪ አየና ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ግራ ዓይናቸው ይድናል። ቀኙ አልቆለታል። ግራውም እስከሚቀጥለው ዓመት አይቆይም፤ እኔም ከአራት ቀን በኋላ እሄዳለሁ። ሌላ ደብዳቤ አምጪ፣ ወይም ይሄን ልክ ነው እንዲሉ አሳምኛቸው።»

እቴቴን ማሳመን! ሰውዬው ለአገሩ እንግዳ ነው።

አልቃሿን «እኚህን ሴትዮ ጠብቂልኝ፣ እንዳታስለቅሻቸው» ብዬ አደራ አልኳት። «ሥራዬ ነው እኮ» አለች ቅር ብሏት፤ ግን ጠበቀችልኝ። እኔ ወደ ቢቸና የሚመለስ መኪና ላይ ዘለልኩ። መንገዱን ሙሉ ለጓድ በላይነህ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ። ብዙ ነበር።

ቢሮ ስገባ ብቻውን ነው። ተቀመጪ እስኪለኝ ሳልጠብቅ እንደቆምኩ ጀመርኩ።

«ጧሪ ቀባሪ የላቸውም ብለው ጽፈው ሴትዮዋ መርዶ መሰላቸው። በሰው ፊት ደረት መቱ። አልታከምም ብለዋል። አሁን የዘማች ቤተሰብ ብለው ይጻፉልኝ። አውራጃ ምናምን አይበሉኝ፣ ጌትነት መዝመቱን አገር ያውቃል፤ ሲሄድ ባንዲራ ያስያዙት እርስዎ ነዎት።»

ጓድ በላይነህ ተነሳ። በሩን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠና መሳቢያውን በቁልፍ ከፍቶ አንድ የታይፕ ወረቀት አወጣ። ወደ እኔ ገፋው።

«አንብቢ።»

ስሞች ናቸው። ሰባት ናቸው። አምስተኛው ላይ ደረስኩ።

ወረቀቱ የመጣው በሰኔ ነው። ያን ጊዜ ኅዳር ነበር።

«ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ» አለኝ። «ቄሱም ያውቃል። ጥሩነሽ ዓይኗ ታማ ሳለች አይነገራት፣ እንባ ይጨርሳታል ተብሎ ነው። ታክማ ስትድን ይነገራታል ብለን ነው። ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ አንድም ቃል አልዋሸሁም።»

«ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለ። «አፍሽ መዝጊያ የለውም አልኩሽ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጌትነት ፊደል ያስቆጠረኝ ልጅ ነው፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። በእነዚህ ወሮች ሁሉ እቴቴ «ወረቀት አጥቶ ነው» ሲሉኝ «መልእክተኛው ሰንፎ ይሆናል» እያልኩ ነበር፤ እሱንም እውነት መስሎኝ።

ጓድ በላይነህ ንጹሕ ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። «ልጃቸው ጌትነት በግዳጅ ላይ የሚገኝ የዘማች ቤተሰብ መሆናቸውን…» ጻፈ። ማኅተሙን አነሳ፣ ተነፈሰበት፣ አልመታም። እንደገና ተነፈሰበት።

«ሐሰት ላይ ማኅተም ስመታ ይህ የመጀመሪያዬ ነው ብልሽ አታምኚኝም» አለ። «ግን እንደዚህ የከበደኝ የለም። አንቺም ትሸከሚያለሽ። ከታከመች በኋላ ዓይኗ እስኪጠና አርባ ቀን እንባ አያገኛትም። እስከዚያ ድረስ ከአፍሽ ከወጣ፣ ዓይኗን ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ።»

መታው።

በተመላሹ መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ ስለ መንገዱ አወራኝ፤ ስለ ጎማ አወራኝ፤ ዘመዶቼን ጠየቀኝ። ደብረ ወርቅን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ለረዳቱ «አይ ያሳዝናል፣ ዲዳ ናት፤ መልኳ ግን ደህና ነው» አለው። እንደዚያ ተብዬ አላውቅም ነበር።

ሞጣ ስደርስ ሐኪሙ ሊሄድ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እቴቴ አልቃሿ አጠገብ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አቃንተው ለብሰዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ቆመ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አነበበ። ጥግ ጥጉ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ አብረው ካለቀሱ ወዲህ የሁሉም ጉዳይ ሆኗል።

«…በግዳጅ ላይ የሚገኝ የዘማች ቤተሰብ መሆናቸውን። ልክ ነው?»

እቴቴ ወደ ሽማግሌው አልዞሩም። ወደ እኔ ዞሩ፤ የት እንደቆምኩ በእግሬ ኮቴ ያውቃሉ።

«አንቺ፣ ወረቀት አላምንም። ወረቀት አንዴ ቀብሮታል። አንቺ ግን ከተወለድሽ ጀምሮ ዋሽተሽኝ አታውቂም። ክፉ አፍ አለሽ፤ ውሸታም ግን አይደለሽም። ልጄ አለ?»

ሽማግሌው ወረቀቱን እንደያዘ ነው። አልቃሿ ታየኛለች።

«አለ» አልኩ።

«ልክ ነው» አሉ እቴቴ ለሽማግሌው። «እንዳነበብኸው ነው። አስገቡኝ።»

አስገቧቸው።

እዚህ ላይ ለምታነቡኝ አንድ ነገር ልበልና ወደ ነገሬ እመለሳለሁ። አረጋዊ ይዛችሁ ወደ ሕክምና የምትሄዱ ከሆነ በሩ ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። በየትኛው እንደምትገቡ ራሳቸው ይምረጡ። የያዛችሁትንም ወረቀት ከቤት ሳትወጡ አንብቡላቸው፤ በሰው ፊት ከሚሰሙት ከእናንተ ይስሙት። እንዲህ ያለ ወረቀት መልኩ ቢለዋወጥም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን አለህ ነው የሚለው። ለእኔ ቢጤ ወጣት ይህ የሚሞላ ቅጽ ይመስለዋል። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ግን በመልሱ ነው የሚኖረው።

ስለ ራሴም የምነግራችሁ አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እውነት መናገር ጀግንነት ይመስለኝ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው ግን ለተናገርኩት እውነት ሁሉ አንድም ቀን እኔ ዋጋ ከፍዬ አላውቅም፤ የከፈለው ሁሌም የሰማኝ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን ዋጋ የከፈልኩት በውሸት ነው። አንዲት ቃል ናት፤ እስከ ዛሬ አልጨረስኳትም። ከዚያ ወዲህ አፌ መዝጊያ አበጅቷል። ጥሩ መዝጊያ ነው አልልም፤ ሲዘጋ ሲጥጥ ይላል። አሁንም ሰው የማይወደውን እናገራለሁ። ብቻ ከመናገሬ በፊት ሰውየው ዓይኑ የዳነ መሆኑን አያለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሐኪሙ ሊሄድ ጓዙን በጫነበት ጠዋት የእቴቴ ፋሻ ተፈታ። ድሬሰሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር አምጥቶ አፍንጫቸው ላይ አደረገላቸው። ዓይናቸው በመስታወቱ ውስጥ ተልቆ ታየ። መጀመሪያ ያዩት የገዛ እጃቸውን ነው። አገላብጠው አዩት።

«ይህ ሁሉ መስመር የኔ ነው?» አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ። ብዙ አዩኝ።

«ከስተሻል።»

«መንገድ ነው።»

«ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙሪው።»

አዞርኩት። አፌን ዘግቼ ነበር። ፊት እንዴት እንደሚዘጋ ግን ማንም አላስተማረኝም።

እቴቴ መነጽሩን አስተካከሉ። ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ «ዶክተር» አሉ። «ማልቀስ የተከለከልኩት ስንት ቀን ነው?»

«አርባ ቀን እማማ። አርባ ቀን ሙሉ።»

«አርባ» አሉ። «እሺ። እጠብቃለሁ።»

ሐኪሙ ደስ አለው። «ሁሉም ታካሚ እንደ እርስዎ ምክር ቢሰማ!» አለና ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ።

ቢቸና ገባን። እቴቴ ስለ ጌትነት አንድም ቀን አላነሱም። «ወረቀት አጥቶ ነው» ማለትም ተዉ። ሁለት ቅል ነበራቸው፤ በአንደኛው አርባ ባቄላ ቆጥረው ጨመሩ። በየማለዳው አንዷን አንስተው ወደ ሌላው ይከታሉ። አጎንብሰው አልሠሩም፣ ጭስ አልገቡም፣ ሸክም አልነኩም። እንደዚያ ያለ ታዛዥነት ከእቴቴ ታይቶ አይታወቅም። በመሃሉ ከማሠልጠኛው ጥሪ መጣልኝ። የመግቢያው ቀን ሲሰላ አርባው በሚሞላበት ቀን ከቢቸና መነሳት ነበረብኝ።

በዚያን ቀን ማለዳ የቆርቆሮ ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ግቢው ተጠርጓል። ከጎረቤት የተዋሷቸው አግዳሚ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። እቴቴ በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንዱ ቅል ባዶውን ከጎናቸው ተቀምጧል። በዚያ በወፍራም መነጽር ቁልቁል መንገዱን ያያሉ።

«እቴቴ» አልኩ።

«ስድስት ናቸው» አሉ። «ፊት የሚመጣው ቄሱ ነው። ልብስ ሰፊው ኋላ ቀርቷል፤ እግሩ እምቢ ብሎታል።»

እኔ ገና ማንንም አልለየሁም ነበር። ቆይቶ ነጫጭ ጋቢዎች ታዩኝ።

«እቴቴ፣ እኔ…»

«ዝም በይ» አሉኝ። «አርባ ቀን ይዘሽ ዛሬ ምን ሆነሽ? ሂጂ፣ መኪናው አይጠብቅሽም።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ራሴን በእጃቸው ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ሻንጣዬን አነሳሁ። የአጥሩ በር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተገናኘን። ጓድ በላይነህ አየኝ፤ አየሁት። በሩ ጠባብ ስለነበር ጥግ ይዤ አሳለፍኳቸው። ስድስቱም ገቡ። እኔ ወጣሁና ወደ መኪናው ቁልቁል ሄድኩ።